ማርስን ፍለጋ ወደ ዳሎል

ስለ ማርስ ማውራት የሚወድ ሰው ዳሎልን ሳያይ ባይሞት ጥሩ ነው። እኔ ከሚያወሩት ወገን ነኝ። ሥነ ፈለክ አልተማርኩም፤ ቴሌስኮፕም የለኝም። ማርስ ላይ አዲስ ተሽከርካሪ ባረፈ ቁጥር ግን «እዚያ ሕይወት ይኖር ይሆን?» እያልን ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከር ቡናው ሦስተኛው ላይ ይደርሳል። አፋር ድረስ የወሰደንም ይኸው ክርክር ነው።

ከመቀሌ ስንነሣ ጃኬት ለብሰን ነበር። በራህሌ ላይ ጃኬቱ ወለቀ፤ ሐመድ ኢላ መንደር ስንደርስ ሸሚዙም በዛብን። ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ወርደናል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዳሎል ላይ በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፤ ሌሊቱም ቀዝቃዛው ወቅትም ተደምሮ ማለት ነው። የአሳሌን ነጭ የጨው ሜዳ የፈጠረው በጥንት ዘመን ገብቶ የነበረው የቀይ ባሕር ውኃ ነው፤ ከባሕሩ ተቋርጦ፣ ተንኖ ጨዉን ጥሎ ሄደ። ስለ ጨው ቆራጮቹና ስለ ግመሎቹ ብዙ ስለተጻፈ እኔ አልፋቸዋለሁ፤ ልቤ ከፊት ለፊት ባለው የዳሎል ጉብታ ላይ ነበር።

ጉብታው ላይ መጀመሪያ የሚቀበለን የድኝ ሽታ ነው። ጉሮሮ ይይዛል፤ ዓይን ያስለቅሳል። ከዚያ ቀለሙ ይመጣል። ፎቶውን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሰው በኮምፒውተር ያደመቀው ይመስለኝ ነበር። ማንም አላደመቀውም። ሎሚ የመሰለ ቢጫ፣ ደማቅ አረንጓዴ፣ ብርቱካን፣ የዛገ ቀይ፤ ኩሬዎቹ በእርከን ተደርድረዋል፤ ጠርዛቸው በእግር ቢነካ የሚሰበር ስስ የጨው ቅርፊት ነው። ውኃው ከሥር ይንተከተካል። አፌን ከፍቼ ቆምኩ፤ ከአጠገቤ ያለው ጓደኛዬም ክርክሩን ረስቶ ዝም አለ፤ ይህ ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀለሙን የሚሠራው በአብዛኛው ብረት ነው። ፍል ውኃው ከምድር ሥር ጨውና ብረት ተሸክሞ ይወጣል። አዲስ ምንጭ ነጣ ያለ ነው፤ ብረቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ሲሄድ ቀለሙ ወደ ብርቱካን፣ እየቆየም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ስለዚህ ቀለሙን አይቶ የኩሬውን ዕድሜ መገመት ይቻላል። መሪያችን የአፋር ወጣት ነው፤ አምና አረንጓዴ ኩሬ የነበረበትን ስፍራ አሳየን፤ ደርቆ ቡናማ ቅርፊት ሆኗል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ሳይ፣ «ጋሼ፣ እጅዎን እንዳይነክሩ» አለኝ። እውነቱን ነው። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች እዚህ ዜሮ ገደማ ነው፤ ከዜሮ በታች የወረደባቸው ኩሬዎችም አሉ።

ይህ ሁሉ ከማርስ ጋር ምን አገናኘው? ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ተሽከርካሪ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ማርስ ላይ ጃሮሳይት የተባለ ማዕድን አገኘች፤ ይህ ማዕድን አሲዳማ ውኃ ባለበት የሚፈጠር ነው። እህቷ ስፒሪት ደግሞ አንድ ጎማዋ ተበላሽቶ እየጎተተችው ስትሄድ አፈሩን ፈልቅቃ፣ በ2007 በሲሊካ የበለጸገ ነጭ አፈር አወጣች። እንዲህ ያለው አፈር በምድር ላይ የሚገኘው ፍል ውኃና እንፋሎት በሚወጣበት አካባቢ ነው። ለሳይንስ የጠቀመ የጎማ ብልሽት ሌላ አላውቅም። አሲድ፣ ጨውና ፍል ውኃ በአንድነት የተገናኙበት ቦታ በምድራችን ላይ እምብዛም የለም፤ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ሻንጣቸውን ተሸክመው አፋር የሚወርዱት ለዚህ ነው።

ማታ ሐመድ ኢላ ከገመድ አልጋዎቻችን ላይ ተጋድመን ክርክሩ ቀጠለ። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። «ውኃ ካለ ሕይወት አለ፤ አለቀ» አሉ። መምህሩን የሚደግፍ ጥናት አለ። የስፔኑ ፌሊፔ ጎሜዝና ባልደረቦቹ በ2017 ናሙና ወስደው፣ በ2019 ከዳሎል የጨው ክምችት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ተሕዋስያን ምልክት ማግኘታቸውን አሳተሙ። በዚያው ዓመት ግን ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ያሉበት ሌላ ቡድን ብዙ ናሙናዎችን በተለያዩ ዘዴዎች መርምሮ ተቃራኒውን ጻፈ፦ በአካባቢው ጨዋማ ውኃዎች አርኪያ የተባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሞልተዋል፤ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎችና ማግኒዥየም በበዛባቸው ሐይቆች ውስጥ ግን የሚኖር ነገር አልተገኘም። ማግኒዥየሙ የሕዋስን ሽፋንና ፕሮቲን ያፈርሳል፤ አሲዱና ጨዉ ሲደመሩ ደግሞ ለብቻቸው ያልገደሉትን ይገድላሉ።

እኔ ለሁለተኛው ቡድን አደላሁ፤ መምህሩም አኮረፉኝ። ውኃ አለ፤ ሙቀት አለ፤ ምድራችን ደግሞ በሕይወት የተጥለቀለቀች ናት፤ ዘሩ በነፋስም በእግርም ሁልጊዜ ይመጣል። እንዲያም ሆኖ አንዳንዱ ኩሬ ባዶ ነው። «ውኃ ተገኘ» የሚል ዜና በሰማን ቁጥር ለምንጨፍር ሰዎች ከዚህ የበለጠ ልጓም የለም። ሌላም አለ፦ ያው ቡድን ከናሙናዎቹ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሕዋስ የሚመስሉ፣ ግን በሲሊካ የበለጸጉ የማዕድን ቅንጣቶች የሆኑ ነገሮች አግኝቷል። በ1996 ከማርስ በመጣ፣ አንታርክቲካ ላይ በተገኘ ድንጋይ ውስጥ የጥንት ተሕዋስያን ቅሪት የሚመስል ነገር ታየ ተብሎ ዓለም ጉድ ያለው ትዝ ይላችኋል? ዛሬ አብዛኛው ተመራማሪ አይቀበለውም። ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ በ2024 ማርስ ላይ ጄዜሮ በተባለው ጉድጓድ ውስጥ ስላገኘችው ነጠብጣባም ድንጋይም ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ከ«ሊሆን ይችላል» አላለፉም፤ ልክ ናቸው።

መምህሩ ኩርፊያውን የተዉት ሰማዩን ሲያዩ ነው። ወደ አንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ጠቆሙን፤ እዚያ ውስጥ «ቡና» የሚባል ኮከብ አለ፤ የሚዞረውም ፕላኔት «አቦል» ይባላል። ሁለቱንም ስሞች በ2019 ያወጣቻቸው ኢትዮጵያ ናት፤ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረትም አጽድቋቸዋል። ኮከቡ ያለ መሣሪያ አይታይም። አቦልም ከጁፒተር በክብደት የሚበልጥ የጋዝ ፕላኔት ስለሆነ ነዋሪ አይጠበቅበትም። ቢሆንም ሁላችንም አንጋጠን ፈለግነው።

አንድ ነገር ግን ያስቆጨኛል። ጉብታው ላይ የላስቲክ ጠርሙስ ተጥሎ አይቻለሁ፤ ፎቶ ለመነሣት የጨዉን ቅርፊት ረግጠው የሚሰብሩም ጥቂት አይደሉም። ተመራማሪዎቹ በናሙናዎቻቸው ውስጥ ከሰው ጋር የሚዛመዱ ባክቴሪያዎች አጋጥመዋቸዋል፤ ምንጩ ጎብኚ ሳይሆን እንደማይቀር ገምተዋል። አንድ ኩሬ ሕይወት አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ በእኛ ጫማ ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው። ወደ ዳሎል የምትሄዱ፣ በተለይ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ የምትወርዱ መምህራን፣ መሪው በረገጠበት ብቻ ርገጡ፤ ኩሬው ውስጥ ምንም አትንከሩ፤ ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ።