በወንድሜ ጀርባ

ብስክሌት በሰዓት ተከራይታችሁ ታውቃላችሁ? በእኛ ልጅነት ሠፈራችን ውስጥ አሮጌ ብስክሌቶች የሚያከራይ አንድ ሰውዬ ነበር። ሳንቲም አዋጥተን ግማሽ ሰዓት እንከራያለን። ታላቅ እኔ ነኝና መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ብረቱ ላይ ተቀምጦ ወገቤን ጨምድዶ ይይዛል። “አሁን እኔ ልንዳ” ሲለኝ “ስታድግ” እለው ነበር። ይህን ያነሣሁት ባለፈው ዓመት በስፔን ገጠር ከእርሱ ጋር በብስክሌት ያሳለፍኳቸውን ሦስት ቀናት ላወራችሁ ስለፈለግሁ ነው።

ወንድሜ ማድሪድ ከገባ ስምንት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ አካባቢ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ከዚያ በወር፣ ከዚያ በበዓል፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። እናታችን በዓል በመጣ ቁጥር ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። እኔ ለአጭር ሥልጠና ወደ አውሮፓ የመሄድ ዕድል ባገኘሁ ጊዜ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ወንድምህን አናግረህ ና።” በእኛ ቤት “አናግረው” ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። እኔም መምህር አይደለሁ? አውሮፕላን ውስጥ የምናገረውን በሦስት ነጥብ ከፋፍዬ፣ ከነመግቢያውና ከነማጠቃለያው አዘጋጀሁ።

እርሱ ደግሞ ሌላ ነገር አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። “ጋሽዬ፣ ቤት ተቀምጠን ከምንተያይ በብስክሌት እንሂድ” አለኝ። ለእኔ ከጓደኛው ብስክሌት ተውሷል። በባቡር እስከ ሴርሴዲያ፣ ከዚያ ተራራውን አቋርጠን ወደ ሴጎቪያ፣ በማግሥቱ ወደ አቪላ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ሳላማንካ። በልቤ “ሦስት ቀን አብሮኝ ነው፣ የት ያመልጠኛል?” አልኩ።

መንገዱ የሚጀምረው በዳገት ነው። ከባቡር ጣቢያው አንሥቶ እስከ ናቫሴራዳ መተላለፊያ ድረስ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይወጣል። የመተላለፊያው ከፍታ 1,858 ሜትር መሆኑን ስሰማ ሳቄ መጣ። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተወልዶ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ይፈራል? ይህንኑ ለወንድሜ ነገርኩት። ምንም አልመለሰልኝም፤ ማርሹን አቅልሎ በዝግታ ይነዳ ጀመር። እኔ ቀደምኩት። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ቀደምኩት፣ በሁለተኛው ጎን ለጎን ሆንን፣ በሦስተኛው ላይ ጀርባው ጥዶቹ መካከል ጠፋ። ለካ ከፍታ ላይ ማደግና ዳገት ላይ መንዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አናቱ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ቁልቁለቱ ደግሞ የባሰ ነው። በቫልሳይን የጥድ ደን ውስጥ መንገዱ እንደ እባብ ሰባት ጊዜ ይጠመዘዛል፤ ስሙም “ሰባቱ ጥምዝ” ነው። እኔ ፍሬን ጨብጬ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ድረስ ወረድኩ። እርሱ በየጥምዙ እየቆመ ወደ ኋላ ያያል። ከታች ስንደርስ “ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርገው እንጂ እንዲህ አትነቀው፤ ቸርኬው ይግላል” አለኝ። “ስታድግ” ያልኩት ልጅ ነው ይህን የሚለኝ።

ሴጎቪያ ስትገቡ ሮማውያን የሠሩት የውኃ መተላለፊያ ድልድይ ፊታችሁ ይቆማል። በረጅሙ ቦታ ላይ 28 ሜትር ገደማ ነው። የጥቁር ድንጋይ ዓይነት ጠንካራ ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ነው እንጂ በመካከላቸው ጭቃም ሆነ ኖራ የለም፤ ክብደታቸው ራሱ ያያይዛቸዋል። ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ተራራ ውኃ ያመጣ ነበር። ቆሟል፣ 1,900 ዓመት ገደማ። ሥሩ ተቀምጠን ዳቦ በላን። “አንደኛውን ነጥብ ልጀምር” ብዬ አሰብኩ፤ ግን እግሬ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ተውኩት።

በሁለተኛው ቀን ወደ አቪላ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረን። ዳገቱ ትንሽ ነው፤ ነፋሱ ግን ፊት ለፊት። የታጨደ የስንዴ ማሳ፣ ረጅም ሰማይ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ የራዛ ጎጆ። ይህ አውራጃ ካስቲያ ኢ ሌዮን ይባላል፤ ስፋቱ 94,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን የሕዝቡ ቁጥር ግን 2.4 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ወጣቱ ወደ ከተማ ፈልሶ መንደሮቹ ለሽማግሌዎች ቀርተዋል። በአንዳንዶቹ የወጣቶች ኅብረት ቢቋቋም ሰብሳቢውም፣ ጸሐፊውም፣ አባሉም ያው አንድ ሰው በሆነ ነበር።

ከእነዚህ መንደሮች በአንዱ ውኃ ለመቅዳት ቆምን። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከየት እንደሆንን ጠየቁ። ወንድሜ “ኢትዮጵያ” ሲላቸው ጫማቸውን እያመለከቱ “አበበ ቢቂላ!” አሉ፤ ባዶ እግሩን ለማለት ነው። ከዚያ የራሳቸውን ጀግና አመጡብን፦ ፌዴሪኮ ባሃሞንቴስ። የቶሌዶ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ቱር ደ ፍራንስን በማሸነፍ የመጀመሪያው ስፔናዊ ሆነ፤ አበበ ሮም ላይ ሊሮጥ አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በ95 ዓመቱ ነው ያረፈው። ዳገት ላይ የሚደርስበት አልነበረም፤ ቁልቁለት ግን ይፈራ ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1954 አንድ ተራራ አናት ላይ ሁሉን ቀድሞ ደርሶ፣ ሌሎቹ እስኪመጡ አይስክሬም እየበላ ጠበቀ። እርሱ ራሱ ግን የጎማው ሽቦ ተሰብሮ መኪና እየጠበቀ እንደነበር ተናግሯል። ወንድሜ ይህን ሲተረጉምልኝ ሳቀ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሳቁን የሰማሁት ያኔ ነው፤ አልተለወጠም።

አሁን ስለ ነፋስ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በብስክሌት ሜዳ ላይ ስትነዱ አብዛኛው ጉልበታችሁ የሚያልቀው አየሩን ለመግፋት ነው። ከፊታችሁ ሰው ካለና ጎማችሁን ወደ ጎማው አስጠግታችሁ ከነዳችሁ፣ እርሱ አየሩን ይሰነጥቅላችኋል፤ ድካማችሁ እስከ ሲሶ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ብስክሌተኞች እየተፈራረቁ ይመራሉ። አንዱ ለጥቂት ደቂቃ ነፋሱን ይቀበላል፣ ከዚያ ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከኋላ ያለው ሰው ግን ማውራት አይችልም። ነፋሱ ቃሉን ወደ ኋላ ይወስድበታል። ሦስቱ ነጥቦቼ እንዲህ ሆነው ቀሩ።

ተራዬ ሲደርስ ወደ ፊት ወጣሁ። አስታውሱ፣ ጠዋት ሙዝ ሲሰጠኝ “ሆዴ እንዳይከብደኝ” ብዬ በቡና ብቻ ነበር የወጣሁት። ቪያካስቲን የምትባለዋን ከተማ አልፈን ጥቂት እንደሄድን እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ዓይኔ ይጭበረበር ጀመር። ጡንቻና ጉበት ያጠራቀሙት ስኳር ሲያልቅ ሰውነት እንዲህ ነው የሚከዳው፤ በጸሎትም በወኔም የሚገፋ አይደለም፣ መብላት ብቻ ነው መድኃኒቱ። ወርጄ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ወንድሜ ከኪሱ ቴምርና ያንኑ ሙዝ አወጣ። አልተቆጣኝም፤ “ነግሬህ ነበር”ም አላለኝም። ልጦ ሰጠኝ። “ከዚህ በኋላ አትምራ። ጎማዬን ብቻ እያየህ ና” አለኝ።

ወደ አቪላ የቀረው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ትላልቅ ቋጥኞችና ጥቁር ላሞች እንደነበሩ ትዝ ይለኛል፤ ሌላው የማስታውሰው ጀርባውን ብቻ ነው። መኪና በመጣ ቁጥር ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ ምልክት ይሰጠኛል። በስፔን ሕግ ብስክሌት የሚቀድም መኪና ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፤ በየመንገዱም ይህን የሚያሳስብ ሰሌዳ ተተክሏል። አብዛኛው ሾፌር እስከ ሌላው መስመር ድረስ ይርቅ ነበር። ያም ሆኖ መኪና በሰማ ቁጥር የወንድሜ ቀኝ ትከሻ ሲሸማቀቅ አየሁ። ሁልጊዜ። ቀኝ ትከሻው ብቻ።

አቪላ በቅጥር የተከበበች ከተማ ናት፤ ቅጥሩ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል፣ ከ80 በላይ ግንቦችና 9 በሮች አሉት። በአንደኛው በር ገብተን፣ ሾርባ በልተን፣ ማደሪያችን ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። ጊዜው አሁን ነው። ነጥቦቹ ግን አልመጡልኝም። “ትከሻህ ምን ሆኖ ነው?” አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ “አታስታውስም?” አለኝ።

ከአራት ዓመት በፊት ማታ ማታ ምግብ በብስክሌት ለቤቶች ያደርስ ነበር። በዝናብ መኪና ገጨው፤ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ከሆስፒታል ሆኖ ደወለልኝ። እኔ ለወጣቶች ጉባኤ እየተዘጋጀሁ ነበር፤ አላነሣሁም። “ትንሽ አደጋ ደርሶብኛል” ብሎ ጻፈልኝ። እኔም አንድ ጥቅስ ልኬ፣ ከሥሩ “እየጸለይንልህ ነው፣ በርታ” ብዬ ጨመርኩ። ስልኬን ከፍቼ ፈለግሁት። አለ። ሌሊት 5 ሰዓት ከ40።

“ጥቅሱ ጥሩ ነበር” አለኝ። “አንብቤዋለሁ። አንተ ግን አልደወልክም። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም።” ለእናታችን ቢነግራት ትታመማለች፤ ደህና ነኝ ብሎ መዋሸት ደግሞ አቃተው። ስለዚህ መደወሉን ተወ። ከዳነ በኋላ ብስክሌት ሲያይ ላብ ያጠምቀው ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው እሑድ እሑድ ወደ እነዚህ የገጠር መንገዶች እያወጣ፣ ከፊት እየመራ፣ እንደገና አስለመደው። እኛ የመጣንበት መንገድ እርሱ የተማረበት ነው።

እዚህ ላይ ምን እንዳልኩ እንድጽፍላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። “ይቅር በለኝ” አልኩት፤ ሌላ አልተናገርኩም። እርሱም “እሺ” አለ እንጂ አላቀፈኝም። ደክሞን ነበር፤ ገብተን ተኛን።

ጠዋት ከከተማዋ ወጥተን አራት ዓምዶች የቆሙበት ኮረብታ ላይ ቆምንና ቅጥሩን መለስ ብለን አየን። “ዛሬ ሜዳ ነው፤ ሳላማንካ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች” አለኝ። ሁለት ሙዝ በላሁ። ከፔኛራንዳ በኋላ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እኔ እንድመራ ለመንኩት። ቀስ ብሎ ነው ከኋላዬ የመጣው፤ ነፋሱን ለመጋረድ ሰውነቴ አነስ ቢልም አላጉረመረመም።

የሳላማንካ ድንጋይ ማታ ላይ እንደ ማር ይቀላል። ዩኒቨርሲቲዋ እ.ኤ.አ. በ1218 የተመሠረተ ነው። በካቴድራሉ አንድ በር ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያድሱት የቀረጹት ጠፈርተኛ አለ፤ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። አደባባዩ ላይ ሁለት አይስክሬም ገዝቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

“አናገርከው?” አለችኝ።

“እሱ ራሱ ያናግርሽ” ብዬ ስልኩን ሰጠሁት። ወደ ቅስቶቹ ሥር ራቅ ብሎ ሄደ። ሁለቱን ብስክሌቶች ደግፌ ቆሜ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁት። የእርሱ አይስክሬም መቅለጥ ሲጀምር እኔው በላሁለት።