መኪና ሳይኖራችሁ አራዊት ለማየት፦ ከፎገራ ሜዳ እስከ ስሜን ተራራ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የደረሰኝ ጥያቄ ከወትሮው ለየት ያለ ነው። ስለ ትኩሳት ወይም ስለ ክትባት አይደለም። አንዲት እናት «ዶክተርዬ፣ ልጆቼ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናቸው። የዱር እንስሳ የሚያውቁት በዩቲዩብ ብቻ ነው። ፓርክ እንዳልወስዳቸው መኪና የለንም፣ የኪራዩ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። ምን ትመክሪኛለሽ?» ብላ ጻፈችልኝ። የምትኖረው ወረታ ነው።

ወረታ የሚለውን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች በርረው የሚመጡ ወፎች በየዓመቱ ብርዱን የሚያሳልፉት በእሷው ሜዳ ላይ ነው። እነሱን ለማየት ደግሞ ፈረንጆች አውሮፕላን ተሳፍረው ይመጣሉ። እሷ የሚያስፈልጋት ጫማና በጠዋት መነሣት ነው። ትንሽ የሕክምና ምክርም ያስፈልጋታል፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

በመጀመሪያ «ሳፋሪ» የሚለው ቃል መኪና የለበትም። በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ነው፤ ድሮም ጉዞው በእግር ነበር። ዛምቢያ ውስጥ በሉዋንጓ ሸለቆ ኖርማን ካር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግዶችን በእግር ማስጎብኘት ጀምሮ፣ ዛሬም ድረስ የታጠቀ ጠባቂ ከፊት ቀድሞ ሰዎች ዝሆን ባለበት ጫካ ይራመዳሉ። እኛ ሜዳ ላይ ዝሆን የለም፤ ጠመንጃም አያስፈልገንም። ለልጅ ይህ ጥሩ ነገር ነው።

ፎገራን የማታውቁ ካላችሁ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ከወረታ ዙሪያ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋ ረባዳ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ ያጥለቀልቁታል። ውኃው ሲሸሽ ሣሩ፣ ረግረጉና ማሳው ይቀራል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ጠዋት ብትወጡ፣ ግራጫ ቀለም ያላቸው ባለ ረጅም እግር ወፎች በመንጋ ሆነው ከአጨዳ የተረፈ ፍሬ ሲለቅሙ ታያላችሁ። በእንግሊዝኛ ክሬን ይሏቸዋል፤ ሕንፃ ሲሠራ ዕቃ የሚያነሣው ማሽን ስሙን ያገኘው ከእነሱ አንገት ነው። እነዚህ እንግዶቹ ናቸው። ባለ አገሮቹ ሌሎች ናቸው፦ አንደኛው በራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋው፣ ሌላው ከአገጩ ሥር ሁለት ነጭ ጉትቻ የመሰለ ሥጋ የሚንጠለጠልለት። ሲጨፍሩ ካያችሁ ደግሞ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዘለሉ ነው፤ ልጆች ከዚያ በኋላ ስልክ አይጠይቁም። ጋጋኖው፣ ዳክዬው፣ ዓሣ አዳኙ ንስር ተጨማሪ ናቸው። ዕድለኛ የሆነ አርጃኖም ያያል።

የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ሜዳው ግን እየጠበበ ነው። ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጎች ውኃቸው በፓምፕ እየተሳበ፣ ዳር ዳራቸው እየታረሰ ሄዷል። በ1970ዎቹ የገባው ሩዝ የወረዳችንን ሰው ከረሃብ አውጥቶ ገንዘብ አስይዞታል፤ ስለዚህ ገበሬውን ለመውቀስ አፌ አይከፈትም። ለልጆቻችሁ ልታሳዩ ካሰባችሁ ግን ለከርሞ አትበሉ።

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጆች፣ የሰባትና የዐሥር ዓመት ናቸው፣ ይዤ ወጣሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከከተማው ወጥተን ነበር። ፀሐይ ሳትበረታ ወፎቹ ይበላሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ሙቀቱም ይከብዳል። የያዝነው ውኃ፣ ዳቦ፣ ኮፍያና አንድ ከሰው የተዋስነው አጉሊ መነጽር ነው። በየማሳው ድንበር ሄድን፤ የሰው ሽንብራ አልረገጥንም፤ ያገኘነውን ገበሬ ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» እያልን ፈቃድ ጠየቅን። (ልጆቹ የጓያ እሸት ሲያዩ ሊቀጥፉ አማራቸው። ስለ ጓያና ስለሚያመጣው የእግር ሽባነት ሌላ ቀን ራሱን አስችዬ እጽፋለሁ።)

ወፎቹን ያሳየን ግን እኔ ሳልሆን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። የትኛው ወፍ የት እንደሚያድር፣ የትኛው ጎጆውን የት እንደሚሠራ፣ ጅብ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያውቃል። እኔ መጽሐፍ ላይ የፈለግሁትን እሱ በጣቱ ይጠቁማል። ይህን ሁሉ ሲነግረን ግን እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ሆዱ ደግሞ ከሰውነቱ ጋር አይመጣጠንም። ጠጋ ብዬ «የኔ ጌታ፣ ስትቀመጥ ደም ታያለህ እንዴ?» አልኩት። አፈረና እግሩን እያየ «አንዳንዴ ነው፣ እትዬ። የሁላችንም እንዲያ ነው» አለኝ።

«የሁላችንም እንዲያ ነው» ያለው ቃል እስከ ማታ አልለቀቀኝም። በወረዳችን ያለ መኪና፣ ያለ ክፍያ፣ በየቀኑ ሳፋሪ ላይ የሚውሉት እረኞቻችን ናቸው፤ የሚከፍሉት በጉበታቸው ነው። በእናቱ በኩል መልእክት ላክሁ፣ በገበያ ቀን ይዛው መጣች፣ ሰገራው ሲታይ ብልሃርዝያ ነበር። በኪሎው ተመጥኖ ፕራዚኳንቴል ተሰጠው። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ነገር ግን ወደዚያው ውኃ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ እረኛ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ትምህርት ቤት መድኃኒቱ ሲታደል ልጁ እንዳይቀር አድርጉ፤ ትምህርት ቤት የማይሄደውን ደግሞ ራሳችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሆድ ማበጥ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ድካም «የእረኛ ነገር» አይደለም፤ በሽታ ነው። ለዓመታት ከተተወ ጉበትን ያደርቃል፣ ደም ያስተፋል።

ለጎብኚውም ሕጉ አንድ ነው፦ እግራችሁ ውኃ አይንካ። የብልሃርዝያ ትል በውኃ ውስጥ ከሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባልቆሰለ ቆዳ ይገባል፤ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ በሞቀበት ሰዓት ነው። «ወዲያው በፎጣ አደርቀዋለሁ» ብላችሁ አትተማመኑ። የጎማ ቦት ጫማ ካላችሁ አድርጉ፤ ከሌላችሁ ደረቁ ላይ ቆማችሁ እዩ። ወፉ ከዳር ይታያል።

ስለ ቀንድ አውጣው ካነሣሁ አክሊሉ ለማን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጦች በዝተው አየ። እንዶድ የብልሃርዝያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቀው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ልጆቻችሁን ወንዝ ዳር ስትወስዱ ይህን ንገሯቸው፤ ቆም ብሎ ማየት ምን እንደሚያመጣ ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ ታንኳው ልለፍ። ነገደ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ሞተር ስለሌለው ወፍ አያባርርም። በእኔ ግምት ጣናን ለማየት ከእሱ የሚሻል የለም። ልጅ ግን ላይፍ ጃኬት ሳይለብስ አይሳፈር፤ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፣ ከዳር ሆናችሁ እዩ። ጉማሬ ለማየት የምትፈልጉ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር በኩል ታገኛላችሁ። ጉማሬ ሣር በሊታ ስለሆነ ገር ይመስላል፤ አይደለም፣ ሰው ይገድላል። ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ሲነጋጋ ይመለሳል፤ በዚያ ሰዓት በእሱና በውኃው መካከል መገኘት አደገኛ ነው። ስለዚህ ዳር ዳሩን መሄድ የምትፈልጉ በደንብ ከነጋ በኋላ፣ ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ። ቀዛፊው «ከዚህ አላልፍም» ካለ አትጎትጉቱት።

ከሜዳው ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጡ። ማታ ማታ ሁለት ነገር ይነክሳል። የወባ ትንኝ ታውቋታላችሁ። ሌላዋ ከእሷ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ቀን በተሰነጠቀ መረሬ አፈርና በግራር ሥር ተደብቃ ትውላለች፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው እሷ ናት። «ግራር ሥር ድንኳን ጥለን እናድራለን» ለሚሉ ወጣቶች መልሴ ይህ ነው፦ ያለ አጎበር በፍጹም።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ይሂድ። «ውሻው ጤነኛ ይመስላል» ወይም «መጀመሪያ የባህል መድኃኒት ልሞክር» አይባልም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም። እባብ ከነደፈ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አትሠሩት፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳታንቀሳቅሱ ሰውየውን ተሸክማችሁ ድረሱ።

በአውቶቡስ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ስሜን አለላችሁ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው። የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሁሉ በፊት እሱ ነው። ከደባርቅ ወዲያ በእግርና በበቅሎ፣ ከታጠቀ ጠባቂ ጋር ይኬዳል። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ነው። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ጥቂት እርምጃ ርቃችሁ ልትቀመጡ ትችላላችሁ፤ ምግብ ግን አትስጧቸው። ዋሊያን ለማየት ዕድልና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ግን የትም በዱር አይገኝም።

እዚያ የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ወረታ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ደባርቅ አንድ ሌሊት እደሩ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ምልክቱ ከጀመረ ከፍ አትበሉ። አካሄዱ የሚንገዳገድ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይውረድ። ሕፃን ልጅ «ራሴን አመመኝ» ብሎ አይናገርም፤ ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል። ነፍሰ ጡሮች፣ የልብና የሳንባ ሕመም ያለባችሁ፣ የደም ማነስ ያለባችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ስኳር ያለባችሁ አባቶችና እናቶች በሜዳው ልትሄዱ ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ወፍ እየተከተለ የሚሄድ ሰው ደቂቃውን ሳይቆጥር ይጨርሰዋል። በባዶ እግርና በተቀደደ ጫማ ግን አይሆንም። ኪሳችሁ ከረሜላ ወይም ስኳር ይኑር፣ ማታ የእግራችሁን ሥር በመስተዋት እዩ። ለልጆችም ከቤት ውጭ መዋል የዓይንን የቅርብ ዕይታ ችግር እንደሚያዘገይ በጥናት ታይቷል።

በመጨረሻ፣ ከሜዳ ከተመለሳችሁ በኋላ በሚመጡት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ራስ ምታትና ትኩሳት» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ። ሜዳ ወርዳችሁ እንደነበር፣ ውኃ ነክታችሁ እንደሆነ፣ ውጭ አድራችሁ እንደሆነ ተናገሩ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር ሲነሣ፣ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ስንት ሰው አልቆ ነበር። የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልለቀቀ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ መክሳትና በግራ ጎን በኩል ያበጠ ሆድ ካለ የካላዛር ምርመራ እንዲደረግ ጠይቁ። ሐኪሙን እንዳስቸገራችሁ አይቁጠሩት። እኔ እንደዚያ ብሎ የሚነግረኝን ታካሚ ነው የምወደው።