«ሄግ እንክሰሳቸው» ከማለታችን በፊት

በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን መካከል ስላለው የጂዛን ድንበር ወሬ በተነሳ ቁጥር ከቁጣው መሃል የማይጠፋ አንድ ጥሪ አለ፦ «ሄግ እንክሰሳቸው!» ቁጣው ምክንያት አለው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል በተራራው ሊሻገሩ የሞከሩ ኢትዮጵያውያንን በከባድ መሣሪያና ከቅርብ በተተኮሰ ጥይት በመቶዎች እንደገደሉ ይዘረዝራል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በአል ዳየር ማቆያና በጂዛን ማዕከላዊ እስር ቤት የታጎሩ ወገኖቻችንን ሁኔታ አጋልጦ ነበር። ይሁንና ጥሪው ለሕግ ተማሪ የፍለጋ መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የተቋቋመበትን የሮሙን ስምምነት የአባል አገሮች ሰንጠረዥ ገልጦ ያየ ተማሪ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያም ኢትዮጵያም አባል እንዳልሆኑ፣ የመን ደግሞ ፈርማ እንዳላጸደቀች ይረዳል። ስምምነቱን ራሱን ያነበበ ደግሞ የባሰውን ያገኛል፦ የፍርድ ቤቱ ሥልጣን በመሠረቱ የሚከተለው ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቦታ ወይም የተጠርጣሪውን ዜግነት ነው። የሟቹ ዜግነት በሩን አይከፍትም። ኢትዮጵያ ነገ አባል ብትሆን እንኳ፣ የጸጥታው ምክር ቤት ካልመራው ወይም ሥልጣን የሚሰጠው አገር ካልፈቀደ በቀር፣ ይህ ጉዳይ ሄግ አይደርስም።

እንግዲህ ክርክሬ ይህ ነው፦ የሕግ ጥናት መሠረታዊ ችሎታ ሰነድ ማግኘት አይደለም፤ ሰነድ ማግኘትማ ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ይችላል። ችሎታው ያገኙትን ወረቀት «ማንን ታስገድዳለህ? ከመቼ ጀምሮ? ዛሬስ በሕይወት አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ለመማር ደግሞ ሦስት አገሮች፣ ሁለት ቋንቋዎችና ሦስት የዘመን አቆጣጠሮች ከተገናኙበት ከዚህ ድንበር የተሻለ መልመጃ አላውቅም።

ከአገር ቤት እንጀምር፤ ስደተኛውን ልጅ ከቀዬው ያስነሳው ደላላ ያለው እዚህ ነው። ጋዜጠኛው «ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር» ይላል፤ ቤተሰቡ «ደላላው በላው» ይላል። ተማሪው በእነዚህ ቃላት ቢፈልግ ሕጉን በስሙ አያገኘውም፣ ምክንያቱም አዋጁ የሚናገረው ስለ ሁለት የተለያዩ ወንጀሎች ነው፦ በሰው መነገድ እና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የመጀመሪያው ለብዝበዛ ማዋልን፣ ሁለተኛው ማሻገሩን ያነጣጥራል፤ ማስረጃውም በዚያው መጠን ይለያያል። አዋጁ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የዕድሜ ጥያቄ ይመጣል። አዋጅ ቁጥር 909/2007 በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተሽሯል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «የተሻረ ሕግ ሞቷል» ብሎ ይዘጋዋል፤ ይሳሳታል። ደላላው ድርጊቱን የፈጸመው በ2010 ዓ.ም. ከሆነ የሚጠየቀው በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ነው፣ አዲሱ ለተከሳሹ የሚያቀል ካልሆነ በስተቀር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 እና የወንጀል ሕጉ የሚሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «የትኛው ሕግ ይሠራል?» ሳይሆን «በዚያች ቀን የትኛው ሕግ ይሠራ ነበር?» ነው። (እግረ መንገዴን፦ በአማርኛ 1178/2012 የተባለው አዋጅ በእንግሊዝኛ 1178/2020 ነው። ይህን ያልለመደ ተማሪ ሁለት አዋጅ ያገኘ ይመስለዋል። የነጋሪት ጋዜጣው ሁለት ዓምዶች ሲጋጩም የሚጸናው አማርኛው መሆኑን አዋጅ ቁጥር 3/1987 ይነግረናል፤ እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ የሚከራከር ግን አይጠፋም።)

ድንበሩን ተሻግረን ስንገባ ችግሩ ይበረታል። የሳዑዲ የሥራ ሕግ በሂጅራ 1426 የወጣ ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2005፣ በእኛ 1998 መሆኑ ነው። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) እና «ከፊል» የሚባለው ስፖንሰር ያላት የቤት ሠራተኛ መብቷን በዚህ ሕግ ውስጥ ብትፈልግ አንቀጽ 7 ከሕጉ ውጭ ያደርጋታል፤ የሚመለከታት ለብቻው የወጣ ደንብ ነው። አስገዳጁ ቃል ዓረብኛው ሲሆን፣ በኢንተርኔት የሚገኘው እንግሊዝኛ ትርጉም ለመረዳት እንጂ ለመከራከር አይሆንም።

ከሁሉ ይበልጥ የምንሰናከለው ግን በሪፖርቶች ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተሮች በመስከረም 2015 ዓ.ም. ለሳዑዲ መንግሥት የጻፉት ደብዳቤ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ሚያዝያ 2022 ባሉት አራት ወራት እስከ 430 ሰዎች እንደተገደሉና 650 እንደቆሰሉ የሚገልጽ ክስ እንደደረሳቸው ይናገራል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በበኩሉ የመረመረው እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ያለውን ጊዜ ሲሆን፣ ለመሻገር የሞከሩ 38 ኢትዮጵያውያንን አነጋግሯል፤ ከ350 በላይ ቪዲዮና ፎቶ እንዲሁም የሳተላይት ምስል መርምሯል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። የሁለቱን ሰነዶች የሟቾች ግምት ደምሮ የሚያቀርብ ጽሑፍ መጋቢትንና ሚያዝያን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። «ክስ ደርሶናል» የሚለውን ደብዳቤ «ተረጋግጧል» ብሎ የሚጠቅስም ለተቃራኒው ወገን ጠበቃ የነጻ ስጦታ ይሰጣል። ሪፖርት ሕግ አይደለም፤ ፍርድም አይደለም። ይህ ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ምስክር ወዴት እንዳለ፣ የትኛው ቀንና ቦታ መጣራት እንዳለበት የሚያሳይ ካርታ ነው። ቁጥሩን ስንወስድ ግሡን አብረን እንውሰድ።

«ጥይት ለሚተኮስበት ሰው አንቀጽ ምን ይፈይዳል?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ተቃውሞው ከባድ ነው፣ በግማሹም እውነት ነው። አንቀጽ ጥይት አይመልስም። ነገር ግን ትክክለኛው ፍለጋ የተዘጋውን በር ብቻ ሳይሆን በዚህ ጉዳይ ያልተሞከረውንም ያሳያል። ሳዑዲ የጸረ ማሰቃየት ስምምነት አባል ብትሆንም የዓለም አቀፉን የፍትሕ ፍርድ ቤት ሥልጣን በተዓቅቦ አግልላለች፤ የዘር መድልዎን ለማስወገድ በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት አንቀጽ 22 ላይም እንዲሁ። እዚህ ላይ ያቆመ ተማሪ ተስፋ ይቆርጣል። የዚሁ የዘር መድልዎ ስምምነት አንቀጽ 11 ያነበበ ግን አንድ አባል አገር ሌላውን ለስምምነቱ ኮሚቴ መክሰስ እንደሚችል፣ ለዚህም የተለየ ፈቃድ እንደማይጠየቅ ያያል። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2018 ሳዑዲን በዚሁ መንገድ ከሳለች፤ ኮሚቴውም በ2019 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ኢትዮጵያ ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዚህ ስምምነት አባል ናት። እርግጥ ነው፣ ስምምነቱ በዜጋና ዜጋ ባልሆነ መካከል የሚደረግን ልዩነት አይመለከትም፤ ግድያው ከዘር ጋር መያያዙን ማሳየት ግድ ይላል፤ ክርክሩ ቀላል አይሆንም። መንግሥታችን ሪፖርቱ በወጣ ማግስት ከሳዑዲ ጋር በጋራ እንደሚያጣራ አስታውቆ ነበርና፣ ይህን መንገድ መምረጥ የፖለቲካ ውሳኔም ነው። መንገዱ አለ የሚለው ግን የሕግ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ተነብቦ ይገኛል።

ሌላው ተቃውሞ የአቅርቦት ነው፦ ኢትዮጵያ ስታጸድቅ የማጽደቂያ አዋጁ እንጂ የስምምነቱ ሙሉ ቃል በነጋሪት ጋዜጣ ብዙ ጊዜ አይታተምም፤ ዓረብኛ የሚያነብ የሕግ ተማሪም ጥቂት ነው። እውነት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይበል እንጂ፣ ቃሉ ያልታተመ ስምምነት በዳኛ ፊት ምን ክብደት አለው የሚለው ሲያከራክር ኖሯል። ዓረብኛውን በተመለከተ ግን ሰበብ የለንም፤ ከጅዳና ከጂዛን ተመልሰው በየከተማው የተቀመጡ፣ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩና የሚያነቡም ወገኖች አሉን። አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ከእነዚህ ሰዎች ጋር አጣምሮ የሥራ ሕጉን ከነደንቡ በአማርኛ ቢያዘጋጅ፣ የተማሪውም መመረቂያ ይሆናል፣ ለቀጣዩ ተጓዥም መረጃ ይሆናል።

መምህራን ሆይ፣ ለዘንድሮው የሕግ ጥናት ዘዴ ኮርስ የተለመደውን የጥቅስ አጻጻፍ ፈተና ትታችሁ ይህን አንድ ጥያቄ ስጡ፦ በ2014 ዓ.ም. ከቀዬው ተነስቶ በጂዛን ድንበር እግሩን ያጣ አንድ ወጣት ማንን፣ በየትኛው ሕግ፣ የት ሊከስ ይችላል? ለእያንዳንዱ መልስ ሕጉ የወጣበትን ቀን፣ አስገዳጅ ቋንቋውንና የአባልነት ሰንጠረዡን አብረው ያቅርቡ።