ነቀምቴን በእግር! የእግረኛው መንገድ የማነው?

ለመሆኑ ነቀምቴን ያያችኋት በምንድን ነው? በአውቶቡስ መስኮት ከሆነ ገና አላያችኋትም! ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው የወለጋ ትልቋ ከተማ የምትታወቀው በእግር ነው። የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ጎብኙ፣ ገበያውን ዙሩ፣ ቡናችሁን ጠጡ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተማዋን የሚያቋርጠው ትልቁ አስፋልት በአምቦና በባኮ መጥቶ ወደ ጊምቢና አሶሳ የሚዘልቅ አገር አቋራጭ ነው። በሲሬም በጊምቢም ነገሩ ያው ነው። በገበያ ቀን የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ አህያውና ዶሮ ያንጠለጠለችው እናት በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። እንዴት አይጋፉ! አገር አቋራጩ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው፤ የሰፈሩ መንገድ የማዘጋጃ ቤቱ። ሁለቱ ካልተነጋገሩ እግረኛው መሀል ላይ ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ ከነነፍሱ ነው።

ገንዘቡስ? በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ እየተሰበሰበ ለመንገድ ጥገና እንዲውል ነበር የታሰበው፤ ለከተሞችም ድርሻ ነበረው። ስለዚህ ለባጃጅ ትከፍሏት በነበረችው ብር ውስጥ የመንገድ መዋጮ ነበረች ማለት ነው። ኮብልስቶኑም ቢሆን በብዙ ከተሞች በነዋሪው መዋጮ ጭምር ነው የተነጠፈው። ዝናብ በማይጠግበው ወለጋ ኮብልስቶን ምን ማለት እንደሆነ በቀይ ጭቃ ጫማውን ያጣ ያውቀዋል!

በ2012 ዓ.ም. ትራንስፖርት ሚኒስቴር የእግረኛና የብስክሌት ትራንስፖርት የ10 ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም የእግረኛና የብስክሌት መስመር ይዞ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። ደስ ይላል፤ ይሁንና ኮሪደር ዋናውን ጎዳና ነው የሚከተለው። ተማሪዋ ማታ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ጨለማ ቅያስ ተራው መቼ ነው?

እንግዲህ ምክራችን ይኸው፦

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። አስፋልት ዳር ስትሄዱ መኪናው ከፊት ለፊታችሁ በሚመጣበት በኩል ሁኑ። ብስክሌት የምትነዱ ከሆነ ቁልቁለቱ እንዳያታልላችሁ፤ መጀመሪያ ፍሬናችሁን ፈትሹ፣ ማታ ደግሞ መብራት አትርሱ።

የከተማው ነዋሪ የሆናችሁ ደግሞ ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ «የሽማግሌ ነገር ነው» ብላችሁ አትቅሩ። ሂዱና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ዘንድሮ ለእግረኛ መንገድ ስንት ብር ተያዘ?»