የጣና ዳር ደንገል ለቤት ጌጥ፤ ከአንበሳሜ እስከ ቆራጣ

በጨው ባሕር ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች ዛጎሉንና ለስላሳውን ጠጠር፣ ማዕበል ያወጣውንም እንጨት ለቅመው የሥዕል ክፈፍና የግድግዳ ጌጥ ይሠሩበታል። ይህ ልማድ ወደ እኛም ከተሞች ስለ ገባ፣ ከሩቅ አገር የመጣ የዛጎል ጌጥ በሹማምንቱ ሳሎን ተሰቅሎ ይታያል። ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ከጨው ባሕር ብንርቅም ባሕር ዳር የሌለን ሕዝብ አይደለንም። የጣና ባሕር ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዳርቻውም የሚገኘው ሣርና ሸምበቆ፣ የሚያውቅ እጅ ካገኘ፣ ከመጣው ጌጥ ሁሉ የሚበልጥ የቤት ማሳመሪያ ይሆናል።

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ሐሙሲት ሲደርስ ወደ ቀኝ ታጥፎ ያገኛታል። ከተማይቱ ራሷ ከባሕሩ ርቃ የተቀመጠች ናት፤ ወረዳዋ ግን በምዕራብ በኩል እስከ ጣና ውሃ ድረስ ይወርዳል። በሰሜን ከጉና ተራራ የሚመጣው የጉማራ ወንዝ ደራን ከፎገራ ይለያል፤ ከወንዙም ማዶ እስከ ወረታና እስከ ርብ ድረስ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። ይህ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በስሙ በሚጠሩት ከብቶቹ የታወቀ፣ በደርግ ዘመንም የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሩዝ ካስተማሩበት ወዲህ የሩዝ አገር የሆነ ነው።

እኔ በሥራ ጉዳይ ወደ አንበሳሜ በሄድሁ ጊዜ ጉዳዩ ቶሎ ስላለቀ፣ የቀረውን ጊዜ ወደ ቆራጣ ለመውረድ አዋልሁት። ቆራጣ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለባት፣ ባለፈውም ዘመን ታላቅ የንግድ ከተማ የነበረች ናት፤ በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በዘጌ ሰፍረው ሳለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም የተቀመጠው በዚያ ነበር። ስለ ታሪኳ ብዙ መናገር ይቻላል፤ ዛሬ ግን የምናወራው ስለ ደንገሏ ነው።

ደንገል የተከበረ ሣር ነው። የሙሴ እናት ሕፃኑን በወንዝ ዳር ያኖረችው በደንገል ሣጥን እንደ ሆነ ኦሪት ይናገራል፤ ነቢዩ ኢሳይያስም በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለችው ምድር ሲናገር የደንገል መርከብን ያነሣል። የግብጽ ሰዎች ደንገሉን ሰንጥቀውና ደርበው መጻፊያ አደረጉት። አባቶቻችን ግን ደንገሉ በደጃቸው እያለ በብራና ጻፉ፤ የጸሐፊነት ሥራ ያለው ሰው እንደ መሆኔ፣ በዚህ የተጐዱ አይመስለኝም፤ ብራናው ዘመናትን ሲሻገር እናያለንና። ሆኖም ብዕሩን ከመቃና ከሸምበቆ ስለ ቀረጹ፣ ውሃ ዳር የሚበቅለው ተክል ከመጽሐፋችን ፈጽሞ አልራቀም።

በጣና ላይ ደንገል ታንኳ ሆኖ እንጨትና እህል ሲያመላልስ ኖሯል። በዚህ ጥበብ በተለይ የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። የእጅ ሥራቸውን ሁሉ እየገዛን እነርሱን ስንንቅ መኖራችን የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ አዋጁን ግን ልማዱ እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልታዘዘውም። የውጭ ሰው የደንገሉን ዋጋ ከእኛ ይልቅ አውቆታል። የኖርዌጁ ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. ከጣና የተቆረጠ ደንገል ወደ ግብጽ አስጭኖ፣ የቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎችን አስመጥቶ «ራ» የተባለችውን ታንኳ አሠራ፤ ከሞሮኮም ተነሥቶ ወደ አሜሪካ አገር ለመሻገር ሞከረ። ያችኛዋ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተበታተነች፤ በማግሥቱ ዓመት ሁለተኛይቱ በ57 ቀን ደረሰች።

በቆራጣ ዳርቻ አንዲት ሽማግሌ ሴት አንድ ክንድ የምታህል ትንሽ ታንኳ ሲያስሩ አገኘኋቸው። «እማማ፤ ይህች ለምን ታገለግላለች?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ለልጆች መጫወቻ ነበረች፤ ዛሬ እንግዳ ይገዛታል። ትልቋን ለመሥራት ደንገሉ ከወዴት ይምጣ፣ ልጄ!» አሉኝ። አሠራሩንም ሳይሰስቱ አሳዩኝ፤ እመቤቶች ከልጆቻቸው ጋር በቤታቸው ሊሞክሩት የሚችሉት ስለ ሆነ እንዳየሁት እጽፈዋለሁ።

ደንገሉ ከተቆረጠ በኋላ በፀሐይ ተሰጥቶ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ እስኪለወጥ ድረስ እየተገላበጠ ይደርቃል። በደረቁ የታጠፈ እንደ ሆነ ይሰነጠቃልና ከመሠራቱ በፊት ውሃ ይረጩበታል። ከዚያ ሦስት እስር ይሠራል፤ መካከለኛው ወፍራም፣ የግራና የቀኙ ቀጫጭን ይሆናሉ። የእያንዳንዱን ጫፍ ወደ ፊት እያሳነሱ ሦስቱን በሲባጎ አንድ ላይ ያጠብቃሉ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና እንድትል ጫፏን በክር ወደ ኋላ ስበው አስረው በጥላ ያሳድሯታል፤ ስትደርቅ ክሩ ቢፈታም ቅርጿን አትለቅም። ትልቁ ጥበብ በማጥበቁ ላይ ነው። እኔ ያሰርኋት ላልታ ስለ ነበር ሴትዮዋ ምንም ሳይናገሩ ፈትተው እንደ ገና አሰሯት።

እንዲህ ያለችው ታንኳ በግድግዳ ብትሰቀል፣ ወይም በጠረጴዛ ላይ ለደብዳቤ ማኖሪያ ብትሆን ታምራለች። የደንገሉ ራስ፣ እንደ ጭራ የተበተነው፣ ደርቆ በጥቁር ማሰሮ ሲቆም ከፕላስቲክ አበባ እጅግ ይሻላል። ግንዱም ተሰንጥቆ ቢታታ ለፎቶግራፍ ክፈፍ ይሆናል። እርጥበት ያለበት ቤት ግን ያሻግተዋልና አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ።

ስለ ቄጠማ ማን ያስተምረናል! በበዓል ቀንና በቡና ሰዓት ወለሉን የሚያለብሰው፣ በቀዳም ሥዑርም የጥፋት ውሃ መጉደሉን ላበሠረችው ርግብ መታሰቢያ በራሳችን የምናስረው፣ ከረግረግ የመጣ ነው። ዛጎሉም ቢሆን ከሕንድ ውቅያኖስ በነጋዴ ጀርባ መጥቶ አገልግላችንን ካስጌጠ ብዙ ዘመን አለፈው። ስለዚህ የባሕር ጌጥ ለኢትዮጵያ ቤት አዲስ ነገር አይደለም።

የሚያሳዝነው ደንገሉ እያነሰ መሄዱ ነው። ረግረጉ እየታረሰ እርሻ ሆኗል፤ ባሕሩ ሸሸት ባለ ቁጥር ማረሻው ይከተለዋል። ሩዙ ለፎገራ ገበሬ እንጀራ ስለ ሆነ እርሱን ልንወቅስ አንችልም፤ ነገር ግን ዳርቻው ሁሉ ከታረሰ ዓሣው የሚራባበት፣ ደለሉም የሚጣራበት ስፍራ አይቀርም። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በጣና ታይቶ የሰሜንና የምሥራቁን ዳር ወረረው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ቢመዘገብም፣ መዝገብ ብቻውን አረም አይነቅልም።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያሉ ሰዎች የእምቦጩን ግንድ አድርቀው ቅርጫት ይሠሩበታል። የእኛም ሴቶች ቢሞክሩት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥሩና ዘሩ ከእርጥብ ግንድ ጋር ወደ ሌላ ውሃ እንዳይጓዝ፣ እዚያው ዳርቻው ላይ ፈጽሞ መድረቅ አለበት። ደንገሉን የሚያስቆርጥ ሰውም ሥሩን እንዳያስነቅል ይጠንቀቅ፤ ሥሩ ከቀረ እንደ ገና ያቆጠቁጣል።

ወደዚያ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ክረምቱ አልፎ ሜዳው እስኪጠነክር ቢቆይ ይሻለዋል። ታንኳይቱን ሲገዛም ዋጋ አይከራከር፤ አንዲቱን ለማሰር ግማሽ ቀን፣ ደንገሉን ለማግኘት ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን እንደሚፈጅ ሴትዮዋ ነግረውኛል።