የወተት መንገድ ከደጋው አገር እስከ ቦሌ

ወተት በአገራችን የተከበረ ምግብ ነው። ለእንግዳ ይቀርባል፤ አራስ ትጠነክርበታለች፤ ሕፃንም ጡት ሲጥል ይተካለታል። ነገር ግን ከምግብ ሁሉ ይልቅ ጊዜ የማይሰጥ እርሱ ነው። ጤፍ በጎተራ ውስጥ ዓመታት ይቈያል፤ ቅቤም ከተነጠረ በኋላ ብዙ ወራት ይቀመጣል፤ የወተት ዕድሜ ግን ከታለበበት ደቂቃ ጀምሮ በሰዓት ይቈጠራል። በቦሌ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ማለዳ ለልጅዋ የምታቀርበው ግማሽ ሊትር ወተት ከየት እንደ ተነሣ፥ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ፥ በየትኛውም ስፍራ ሊበላሽ ይችል እንደ ነበረ ማወቅ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የወተትን መንገድ ተከትለን ከምሥራቅ አዲስ አበባ እስከ ደጋው አገር ድረስ እንሄዳለን።

የአዲስ አበባ የምሥራቅ ክፍል ከወተት ጋር ያለው ዝምድና የቈየ ነው። ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ አለፍ ብሎ የሚገኘው ሰፈር፥ ዛሬ የአውቶቡስ መናኸሪያ ያለበት ቢሆንም፥ ላም በረት የሚለው ስሙ የከብትን ነገር ያስታውሳል። ሾላም ስሙ የዛፍ ስም ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ግን ሾላ ሲባል ከዛፉ ጥላ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ገበያውና ወተቱ ነው።

የዚህም ታሪክ እንደሚከተለው ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አድርገን እናስቀምጣለን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኡንራ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ የሚባሉ የውጭ አገር የወተት ላሞች ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ በዋና ከተማውም ዙሪያ ለገበያ ወተት የሚያልቡ ትልልቅ እርሻዎች ተጀመሩ። በ1960 ዩኒሴፍ የተባለው የሕፃናት መርጃ ድርጅት፥ በዚያን ጊዜ የከተማው ዳር በነበረው በሾላ፥ የወተት ማዘጋጃ ፋብሪካ አቋቋመ። በ1966 ወተት መሰብሰቡን፥ ማዘጋጀቱንና ማከፋፈሉን በአንድነት የሚመራ የአዲስ አበባ የወተት ኢንዱስትሪ ተመሠረተ፤ በ1969 ፋብሪካው ሰፋ፤ በ1971 ደግሞ ሥራው ለወተት ልማት ኤጀንሲ ተላለፈ። በ1972 ይህ መሥሪያ ቤት በቀን 21,000 ሊትር ያህል ወተት ይቀበል ነበር፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው 65 ከሚሆኑ ትልልቅ እርሻዎች የሚመጣ ነበር። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ትልልቆቹ እርሻዎች በመንግሥት ተወረሱ፤ በ1979ም የወተት ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ኋላ ዘመኑ ተለውጦ ሥራው ለግል ነጋዴዎች ስለ ተከፈተ፥ ሾላና ማማን የመሰሉ በከረጢት ላይ የታተሙ ስሞች በከተማው ሰው አፍ የተለመዱ ሆኑ።

ቦሌም ራሱ የአውሮፕላን ማረፊያው በተሠራበት ዘመን ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማው ገርጂን፥ ሰሚትን፥ አያትንና ቦሌ አራብሳን እየጨመረ ወደ ምሥራቅ ገሠገሠ፤ በ2020ም ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የተባለ አዲስ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። ቤት በሰፋ ቍጥር ላሟ ራቀች። ቀድሞ ወተት የምታመጣው ሴት በስምዋ ትታወቅ ነበር፤ ወተትዋ ቢቀጥን በማግስቱ ትጠየቅበታለች። ዛሬም በአገራችን ከሚታለበው ወተት የሚበዛው ከፋብሪካ ደጅ ሳይደርስ በየቤቱ የሚጠጣና የሚናጥ፥ ወይም ለጎረቤት የሚሸጥ ነው። የታሸገውን ወተት በሚገዛው ሰውና ላሟን ባለበው ሰው መካከል ግን መተዋወቅ የለም። ስለዚህ ቀድሞ መተዋወቅ ይጠብቀው የነበረውን እምነት ዛሬ ሥርዓት እንዲጠብቀው ግድ ሆኗል።

ሥርዓቱን ለማየት ከቦሌ ተነሥተን በመገናኛና በሲ.ኤም.ሲ. በኩል አያትን ስናልፍ ለገጣፎ እንደርሳለን፤ ከዚያም ሰንዳፋ፥ አለልቱ፥ ሸኖና ጫጫ ተራ በተራ ይቀበሉናል፤ መንገዱም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ብርሃን ያደርሰናል። ለከተማው ወተት ከሚገባባቸው ዋና ዋና በሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሌሎቹ በሰሜን የሱሉልታና የፍቼ፥ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የቢሾፍቱ መንገዶች ናቸው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፥ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። የዚህ አገር ብርድ ለመንገደኛ ቢከብድም ለወተት ወዳጅ ነው። ሸኖ በቅቤዋ የታወቀች መሆንዋን የማያውቅ የቤት እመቤትም አይገኝም።

በዚህ አገር ገና ጎሕ ሲቀድ ገበሬው ወይም ሚስቱ፥ አለዚያም ልጃቸው፥ ከአንድና ከሁለት ላም የታለበውን ወተት በዕቃ ይዘው ወደ መሰብሰቢያው ስፍራ ይሄዳሉ። አንዱ ሦስት ሊትር፥ ሌላው ዐሥር ሊትር ያመጣል፤ ለከተማው የሚጫነውም ከዚህ ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ነው። ተቀባዩ ሰው አስቀድሞ ወተቱን ያሸታል፤ ቀጥሎም ላክቶሜትር የተባለውን መለኪያ ይጨምርበታል። የውሃ ክብደት 1 ቢባል በእኩል መስፈሪያ የንጹሕ ወተት ክብደት ከ1.028 እስከ 1.032 ያህል ነው፤ ውሃ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ መለኪያው ከልኩ በታች ይሰምጣል። ከዚህ በኋላ ከጥቂት ወተት ጋር እኩል አልኮል ይቀላቅላል፤ መኮምጠጥ የጀመረ ወተት ወዲያው ይቋጥራል። የአንድ ሰው የተበላሸ ወተት ሳይመረመር በትልቁ ዕቃ ቢገለበጥ የጎረቤቶቹን ሁሉ ድካም ያጠፋልና፥ ይህች አጭር ምርመራ የመንደሩ ሁሉ ዋስ ናት።

ወተት ከላም ጡት ሲወጣ 37 ዲግሪ ያህል ሙቀት አለው። ይህ ሙቀት በዐይን ለማይታዩ ተሕዋስያን እጅግ ይስማማል። ቍጥራቸው በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ የሚሆን ቢሆን አንዱ በአራት ሰዓት ውስጥ 256 ይሆናል። ወተቱ ወደ 4 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ግን መባዛታቸው እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ የወተት ንግድ ዋና ምሥጢር ቶሎ ማቀዝቀዝና ቅዝቃዜውን እስከ ጠጪው ደጅ ድረስ አለመልቀቅ ነው። ሰብሳቢው በጠዋት ብቻ በሚመጣበት፥ ማቀዝቀዣም በሌለበት መንደር፥ የማታው ወተት ወደ ከተማ አይሄድም፤ በቤት ይጠጣል፥ ወይም ለቅቤ ይጠራቀማል።

ስለ ቅቤ ካነሣን አይቀር የቤተ ሰብን ኑሮ የሚነካ አንድ ነገር እንጨምራለን። በገጠራችን የቅቤና የአይብ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሴቲቱ ነው፤ በእርሱም ጨውና ቡና፥ የልጅ ደብተርም ትገዛበታለች። ወተቱ በሊትር እየተሸጠ ሒሳቡ በባልዋ ስም ሲከፈል ግን ይህች ገቢ ከእጅዋ ልትወጣ ትችላለች። እንግዲህ የወተት ማኅበር ሴቶችን በራሳቸው ስም አባል አድርጎ የሚከፍል እንደ ሆነ፥ ወተት ከመሰብሰብ የበለጠ ሥራ ሠርቷል ማለት ነው።

ወተቱ ፋብሪካ ሲደርስ እንደ ገና ተመርምሮ 72 ዲግሪ ሙቀት ላይ ለ15 ሰከንድ ይቈያል፤ ወዲያውም ይቀዘቅዛል። ይህ አሠራር ፓስተራይዝ ማድረግ የተባለው በ19ኛው መቶ ዓመት በነበረው በፈረንሳዊው ሊቅ በሉዊ ፓስተር ስም ነው። በዚህም የሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን የመሰሉ፥ ከላም ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን የሚያመጡት ተሕዋስያን ይሞታሉ። ከዚያም ወተቱ በግማሽ ሊትር የላስቲክ ከረጢት እየታሸገ በመኪና ተጭኖ ወደየሱቁ ይሄዳል።

አከፋፋዩም በዚህ ላይ ከባድ ሒሳብ አለበት። እንዲህ ያለው ወተት በማቀዝቀዣ እንኳ የሚቈየው ጥቂት ቀን ብቻ ነውና፥ ለአንዱ ሱቅ ከሚሸጠው አብልጦ ቢያራግፍ ትርፉ ይኮመጥጣል፤ አሳንሶ ቢሰጥ ደግሞ ገዢው ወደ ሌላ ይሄዳል። የሰሚት ባለሱቅ ስንት ከረጢት፥ የቦሌ ቡና ቤትም ለማኪያቶው ስንት ሊትር እንደሚፈጅ በየቀኑ ማወቅ አለበት። ይህ ሁሉ ተጠንቅቆ ተሠርቶ ሳለ የመጨረሻዋ እርምጃ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ከረጢቶቹ በሱቅ ደጅ ፀሐይ ላይ ቢቈዩ፥ መብራት ቢጠፋ፥ ወይም ባለሱቁ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ማቀዝቀዣውን ሌሊት ቢያጠፋ፥ ከደጋው ጀምሮ የተጠበቀው ቅዝቃዜ በሁለት ሰዓት ይጠፋል።

የአገራችንን የወተት ሒሳብ ልዩ የሚያደርገው ደግሞ ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፥ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ የፍልሰታም 15 ቀን፥ ሌሎቹም ሲደመሩ ጾሙን የሚጠብቅ የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ወተት አይቀምስም። ላሟ ግን አትጾምም፤ መኖዋንም ታቋርጥ ዘንድ አይቻልም። በጾም ወራት ወተቱ ይተርፋል፤ ሰብሳቢውም ከገበሬው የሚቀበለውን ይቀንሳል። ፋሲካ ሲሆን ደግሞ የከተማው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይፈልገዋል። ለዚህ መፍትሔው የተረፈውን ወደ ቅቤና ወደ አይብ መለወጥ፥ ሕፃናትንና የሌላ እምነት ተከታዮችን፥ ሆቴሎችንም አስቀድሞ ማሰብ ነው። የቀን መቍጠሪያን ያላነበበ ነጋዴ በወተት ንግድ አይሰነብትም፤ ኪሳራውም የሚወርደው በአንድ ላም በሚኖረው ገበሬ ላይ ነው።

ቅዝቃዜም ሙቀትም የማያስተካክሉት ጉዳት ደግሞ አለ። በጉርድ ሾላ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም በ2015 ይፋ በሆነ ጥናት፥ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ላይ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ መርምሮ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከወሰነው ልክ፥ ማለት በሊትር ከ0.05 ማይክሮ ግራም፥ ያልበለጡት 9 ብቻ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱም የላሞቹ መኖ፥ ይልቁንም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወሬው በተሰማ ጊዜ ብዙ ገዢዎች ከወተት ሸሹ፤ ገበሬውም ተጐዳ። ይህን መርዝ የፋብሪካው ሙቀት አያጠፋውም፤ የእናትም ምድጃ አያጠፋውም። ፋጉሎ በደረቅ ስፍራ ቢቀመጥና የሻገተው ለላሟ ባይሰጥ ግን ከመነሻው ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ እንደምንረዳው፥ በዚህ መንገድ ላይ ያለ እያንዳንዱ እጅ የቀደመውን ሥራ ሊያጠፋ ይችላል፤ የቀደመውን ጥፋት ግን ሊያድስ አይችልም። ስለዚህ ገዢው ወተት ሲገዛ በከረጢቱ ላይ የታተመውን ቀን ይመልከት፤ በእጁም ዳስሶ ቀዝቃዛ መሆኑን ይወቅ፤ የተነፋውን ከረጢት አይቀበል። ከገበያ ዕቃ ሁሉ በመጨረሻ ወተትን ገዝቶ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይሂድ። ከላም ጌታ የተገዛ ያልታሸገ ወተት እንደ ሆነ ግን ሳይፈላ ለሕፃን አይሰጥ። ባለሱቁም ማቀዝቀዣውን እንዳያጠፋ ደንበኞቹ በትሕትና ቢጠይቁት ይሰማል፤ ወተቱን የማይገዛው ሰው እንዳይበዛ ይፈራልና። በሸኖ ብርድ ማለዳ ተነሥታ ያለበችው ሴትና በቦሌ የሚጠጣው ልጅ አይተዋወቁም፤ የእርስዋ ድካም ለእርሱ ጤና የሚሆነው ግን በመካከል ያሉት ሁሉ ድርሻቸውን በጊዜው ሲፈጽሙ ነው።