ተማሪዬ ያስተማረችኝ

ዛሬ የማወጋችሁ ከራሴ ስህተት የተማርኩትን ነው።

በልጅነቴ ቡሬ ውስጥ ጧት መድረሳ፣ ከዚያ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ከፍ ስንል ኡስታዛችን የውርስን ድርሻ፣ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ፣ አንድ ስድስተኛ፣ አንድ ስምንተኛ እያሉ ያሰሉን ነበር። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ሲጠየቁ «አላሁ አዕለም፤ አይቼ እነግራችኋለሁ» ይላሉ። የዚህን ቃል ዋጋ ያወቅሁት ግን የሒሳብ መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው።

ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሲኩዌንስን ሊሚት ሳስተምር በዳቦ እጀምራለሁ። ሦስት ወንድማማቾች አንድ ዳቦ እኩል ይካፈሉ፤ መቁረጥ የሚያውቁት ግን ለአራት ብቻ ነው እንበል። ለአራት ቆርጠው አንድ አንድ ያነሳሉ፤ የተረፈውን ቁራሽ እንደገና ለአራት ቆርጠው አንድ አንድ ይጨምራሉ፤ እንዲህ እያሉ ይቀጥላሉ። የአንዱ ድርሻ በመጀመሪያው ዙር 1/4፣ በሁለተኛው 5/16፣ በሦስተኛው 21/64 ይሆናል። በየዙሩ ያድጋል፤ ሲሶ ግን በየትኛውም ዙር አይሞላም። ያም ሆኖ ሊሚቱ 1/3 ነው እንላለን።

«ሊሚት ማለት ቁጥሮቹ እየተጠጉት የሚሄዱት ቁጥር ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ወደ ግማሽም እኮ በየዙሩ እየተጠጉ ነው። ታዲያ ሊሚቱ ለምን ግማሽ አይሆንም?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም መልስ ስላልነበረኝ «መጽሐፉ ያለውን ያዢ፤ ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነው» ብዬ አስቀመጥኳት። ከዚያ በኋላ እጇን አላወጣችም።

ቅዳሜ ዘመድ ልጠይቅ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ስሄድ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ማንኩሳን እንዳለፍን አንድ ነገር ታየኝ። መኪናው ወደ ፍኖተ ሰላም በተጠጋ ቁጥር ወደ ደብረ ማርቆስም፣ ወደ አዲስ አበባም ይጠጋል። እኔ የምወርደው ግን ፍኖተ ሰላም ነው። መጠጋት ብቻውን መድረሻን አያሳይም! ልጅቷ ትክክል ነበረች፤ የተሳሳተው እኔ የጻፍኩት ትርጉም ነው።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ይህንኑ በሁሉም ፊት ነገርኳት። ከዚያም ትርጉሙን አብረን አረምን። አንድ ተጠራጣሪ የፈለገውን ያህል ትንሽ ልዩነት ቢመርጥ፣ ከአንድ ዙር ጀምሮ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ከዚያ ባነሰ ልዩነት ውስጥ ከገቡ ያ ቁጥር ሊሚት ነው። ከሲሶ የሚጎድለው 1/12፣ 1/48፣ 1/192፣ 1/768 እያለ ይወርዳል። ተጠራጣሪው 1/100 ቢል ከሦስተኛው፣ 1/1000 ቢል ከአምስተኛው ዙር ጀምሮ ይሟላለታል። ከግማሽ ግን ዳቦው ምንም ያህል ቢቆራረጥ ሁልጊዜ ከ1/6 በላይ ይጎድላል፤ ስለዚህ ተጠራጣሪው 1/10 ቢል እንኳ አይሟላለትም።

አውሮፓውያን የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ትርጉም አጥርተው የጻፉት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። አሳቡ ግን በአል-ካሺ ሥራ ውስጥ ይታያል። ይህ ሊቅ በ827 ሒጅሪ (1424 እ.ኤ.አ.) በሰመርቀንድ የክብን ዙሪያ ሲያሰላ፣ አስቀድሞ የሚፈቅደውን ስህተት ወሰነ፦ ክቡ ዓለምን የሚያክል ቢሆን እንኳ ስህተቱ ከፈረስ ፀጉር ውፍረት እንዳይበልጥ። ከዚያ በኋላ ነው ክቡን የሚተኩትን ቀጥታ መስመሮች ቁጥር 805,306,368 ያደረገው። ፓይንም እስከ 16 የአስርዮሽ ቤት አገኘ። መጀመሪያ ስህተቱ፣ ቀጥሎ የዙሩ ብዛት፤ እኔ ያጎደልኩት ይህን ቅደም ተከተል ነበር።

በሳምንቱ ልጅቷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አንድ ሲኩዌንስ ሁለት ሊሚት ሊኖረው ይችላል?»

በዚያን ቀን ሊኖረው እንደማይችል አውቅ ነበር፤ ማረጋገጫው ግን ወዲያው አልመጣልኝም። «አይቼ እነግርሻለሁ» አልኳት። ማንም አልሳቀም። በማግስቱ ማረጋገጫውን ይዤ ገባሁ፤ እሷም ሠርታው መጥታ ነበር።

ወላጆችና መምህራን ሆይ! ልጅ ሲጠይቀን ካላወቅን አላወቅንም እንበል፤ አይተንም እንመለስ።

ወላሁ አዕለም።